ልጄ ጽዋ የተረከበ ዕለት

ሞግዚታችን «እህቴ ልታገባ ነው» ብላ ወደ አገሯ ወደ ቁይ ሄዳ ራሷ አግብታ ቀረች። ቀልድ አይደለም። የጥቂት ቀን ፈቃድ ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት፤ ለመሳፈሪያ ጨመርኩላት፤ ሠርግ ነው ብዬ ደህናውን ነጠላዬን አዋስኳት። በሳምንቱ ደወለችና «እትዬ፣ የሙሽራው ወንድም ወዶኝ…» አለች። ምን ይባላል? «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ «ነጠላዬስ?» ስል ስልኩ ተቋረጠ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነበር፤ እሷም ነጠላዬም እዚያው ቀሩ።

ሁለት ደመወዝተኞች ስለሆንን ሰው ያለን ይመስለዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውልና ማታ ባለ ሱቁን ዳይፐር በዱቤ እለምናለሁ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ስለ ስበት ሲያስረዳ አፍ ያስከፍታል፤ ደመወዛችን ለምን ወደ ታች ብቻ እንደሚሳብ ግን አስረድቶኝ አያውቅም።

ዕዳችን የተወለደው ከልጃችን ጋር ነው። ክርስትናው ሲደርስ እኔ «ዳቦ ቆርሰን፣ ጎረቤት ጠርተን ይበቃናል» አልኩ። ባለቤቴ «የበኩር ልጄ ነው! ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ከእኔ መሥሪያ ቤት የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ በእኔ ስም አስበድሮኝ ሰንጋ ጣለ። ሰው ምንም አላለም፤ በልቶ ሄደ። እንዲያውም አንዱን ሽማግሌ እኔ የእሱ አጎት፣ እሱ የእኔ አጎት መስሎን ጥሬ ሥጋ ስናጎርሳቸው ዋልን፤ ለካ የማንኛችንም አጎት አይደሉም። ይኸው ብድሩ እስከ ዛሬ ከደመወዜ ላይ ገና ሳላየው ይቆረጣል። ባለቤቴ ደግሞ ከደረጃ ዕድገቱ የተረፈ ውዝፍ ክፍያ አለው፤ አለው ማለት ይገባል ይባላል እንጂ ገብቶ አያውቅም። «ውዝፉ ሲገባ» የማይልበት ቀን የለም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኸ ነው። እኔ ውዝፍ የሚለውን ቃል ስሰማ ራሴን ያመኛል።

አዲስ ሞግዚት ፍለጋ ወጣሁ። ድሮ ጠያቂዎቹ እኛ ነበርን፤ አሁን ዘመኑ ተገልብጧል። ደላላ ያመጣት አንዷ ወንበራችን ላይ ተደላድላ «ልጁ ያለቅሳል? ሌሊት ይነሳል? ዋይፋይ አላችሁ?» እያለች መረመረችኝ። የምትፈልገውን ደመወዝ ስትናገር ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ ትን አለው። ስትወጣ «አስቤበት እደውላለሁ» አለች። አልደወለችም፤ ፈተናውን አላለፍንም መሰለኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ልጁን ይዤው ቢሮ ገባሁ። እንደ ሕጉ ከሆነ መሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ አለው። ሪባኑ ሲቆረጥ አጨብጭቤያለሁ። በሩ ላይ የሚስቅ ድብ ተስሏል። ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበርና አንድ የሞተ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው ያለው፤ ቁልፉም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነው ይባላል። ስለዚህ ልጄን ከጠረጴዛዬ ሥር ብስኩት አስይዤ አስቀመጥኩት። ሰልፉ እስከ ውጭ በር ነበር። ለአንድ ሰውዬ መልስ ስቆጥር ልጁ ዝም አለ። ልጅ ዝም ካለ ጉድ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የማኅተሙን ቀለም ልሶ አፉ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ማኅተሙን ጨብጦም ሆዱን፣ ጉልበቱን፣ ግንባሩን ሲመታ ቆይቷል። ግንባሩ ላይ በትልቁ «ተከፍሏል» ይላል።

ሰልፈኛው ሳቀ፤ አለቃዬ አልሳቀም። አስጠራኝና «ይኸ መሥሪያ ቤት ነው። ዳግመኛ ልጅ ይዘሽ ብትገቢ በጽሑፍ ነው የምጠይቅሽ፤ ከዚያ ካልታረምሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ። «እንግዲያው ድቡን ይክፈቱልኝ» ልለው ነበር፤ ብድሩ ትዝ ሲለኝ ምላሴን ዋጥኩት። ቤት ስንገባ ባለቤቴ የልጁን ግንባር አንብቦ «እሰይ! አንዱስ ዕዳችን ተከፈለ» አይል መሰላችሁ? ማኅተሙ በሳሙናም በሎሚም እንቢ ብሎ ሰነበተ፤ ሰፈርተኛው በሙሉ ልጄን እያስቆመ ሲያነብ ከረመ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ያችን ነገር አመጣ።

«እስኪ በረጋ መንፈስ እናስላው» አለኝ። በረጋ መንፈስ ብሎ የጀመረ ሰው የሚያበሳጭ ነገር ሳይናገር አይጨርስም። «ያንቺ ደመወዝ ብድሩ ተቆርጦበት የሚቀረው ለሞግዚት ብትከፍይው ያልቃል። ታዲያ ውዝፉ እስኪገባ ቤት ብትሆኚስ?»

«ሞግዚቷ ለምንድን ነው ከኔ ደመወዝ የምትከፈለው? ልጁን ለብቻዬ ከገበያ ነው የገዛሁት?»

«ሒሳቡን ነው እንጂ የምለው…»

«ሒሳቡ ይቃጠል!» ብዬ የድስት ክዳን ወረወርኩ። ወደ ግድግዳው ነው፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ወደ እሱ ነበር ይላል። ሥራዬን እወዳታለሁ፤ ይኸንን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ያችን መስኮት ያገኘሁት እናቴ በግ እየሸጠች አስተምራኝ ነው። መስኮቷን ከለቀቅኩ ብድሩ ይቆየኛል፣ ደመወዙ ይሄዳል፣ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ልመለስ ብል የሚከፍትልኝ የለም። ያን ቀን በጣም ፈርቼ ነበር።

ጭቅጭቃችንን የቤት አከራያችን ሰምተውት ኖሯል። ግቢው አንድ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ምሥጢር አይዝም። በማግሥቱ ሴትዮዋ መጡና «እስኪ ለጊዜው እኔ ጋ ይዋል። ገንዘብ የምትሉኝ ከሆነ ግን እቀየማችኋለሁ» አሉ። አልቅሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በሳምንቱ የቤት ኪራይ ጨመሩ። «ለልጁ እንዳይመስልሽ፤ ኑሮው ነው» አሉኝ። ኧረ ይሁን፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ተቀበልኩ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ወር በገባ በሃያ አንድ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ስላለባቸው ያን ቀን ልጅ አይዙም።

ማኅበሩ የሰፈሩ አዛውንቶች ናቸው። በየወሩ በሃያ አንድ በአንዱ አባል ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ነው፤ ዕለቱ ሲያልቅ ያንን ማሰሮ በእልልታ የተረከበ ሰው በሚቀጥለው ወር ደጋሽ እሱ ነው። እንግዲህ ወሩ ደረሰና ፈቃድ ጠይቄ ልጄን ይዤ ቤት ዋልኩ። ከሰዓት በፊት አከራያችን እያነከሱ መጡና «ጉልበቴ ተያዘብኝ፤ ይኸን ዳቦ እስከ በር አድርሽልኝ» አሉ። ዳቦውን በራሴ፣ ልጄን በጀርባዬ አድርጌ ተከተልኳቸው። ከደረስኩ በኋላ ማን ይለቀኛል? «የእመቤታችንን ጸበል ጸዲቅ ሳትቀምሽ!» ተብዬ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ያን ወር ያን ያህል ጠግቤ አላውቅም።

ልጄ የሁሉንም ቆሎ እየዘገነ ሲዞር ቆየ። በኋላ ሙሴው ተነሡ። ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ አለቃ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሰው፣ ቁመታቸው በር የሚያክል። «የሚመጣው ተረኛ እህታችን ሐዘን ላይ ናት። እሷን ተክቶ ጽዋውን የሚረከብ ማን ነው?» አሉ። ጤፍ እሳት የሆነበት ወር ነበር። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ፤ አንዷ ጣራውን እያየች ጸሎት ያዘች፤ ሌላው ድንገት ሳል ተነሣበት። እኔ አባል ስላልሆንኩ ደረቴን ነፍቼ ሁሉንም እያየሁ እስቅባቸው ነበር።

ልጄ ተንደርድሮ ሄደ። ማሰሮውን በሁለት እጁ አቀፈ። በዚያን ጊዜ አጥርቶ የሚያውቃትን አንዲት ቃል በሙሉ ድምፁ «የኔ!» አለ።

እልልልልል! ቤቱ ተናጋ። ሳል የተነሣበት በአንዴ ዳነ። የማኅበሩ ቄስ መምሬ መስቀላቸውን አወጡ፣ በግዕዝ አንድ ነገር ጀመሩ፣ ሁሉም «አሜን» አለ። እኔ ብድግ ብዬ «ኧረ በማርያም! እኛ አባል አይደለንም! ተከራይ ነን!» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል። ሙሴው ልጄን ከነማሰሮው ወደ ላይ አነሡና «አሁን አባል ሆናችኋል» አሉኝ። እስከ ቤታችን ድረስ እያጨበጨቡ ሸኙን። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግቢያችን በሽማግሌ ተሞልቶ አገኘውና ሰው የሞተ መስሎት ጮኸ።

ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። «ለስንት ሰው ነው የሚደገሰው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቁ ቆመ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ያለፈውን ድግስ ዕዳ ሳንከፍል ሌላ ድግስ መጣብን። «አይዞሽ፣ በሕግ እንሄዳለን። የተረከበው እሱ ነው፤ አድጎ፣ ሥራ ይዞ ይደግስ» አለኝ። ይኸንኑ ይዘን ከመምሬ ዘንድ ሄድን። መምሬ ጢማቸውን እያሻሹ እስከ መጨረሻው ሰሙንና «ጥሩ ብላችኋል። ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለንም፤ የተረከበው ልጁ ነው። ካልፈለገ እሱ ራሱ በፈቃዱ ለሙሴው ይመልስ» ብለው ፈረዱ። ተደሰትን። ሞኞች።

ልጁን፣ ማሰሮውንና አንድ ከረጢት ብስኩት ይዘን ሙሴው ቤት ሄድን። «ማሙሽ፣ ስጣቸው፤ ለአባባ ስጥ» አልኩት። «የኔ!» አለ። ባለቤቴ ብስኩት አሳየው። በአንድ እጁ ብስኩቱን ወሰደ፣ በሌላው ማሰሮውን ወደ ሆዱ አስጠጋ። ኳስ አመጣንለት፤ ኳሷን በእግሩ ረግጦ ያዛት። ባለቤቴ መሬት ላይ ተንበርክኮ «የኔ ጌታ፣ የአባዬ ጎበዝ» እያለ ይለምናል፤ ሙሴው ከወንበራቸው ሆነው እንደ ዳኛ ያያሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ማሰሮውን በቀስታ ሊስብ ሲሞክር ልጄ እጁን ነከሰው። ሙሴው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው «በቃ፣ ምሥክርነቱን ሰጠ» አሉና አሰናበቱን።

እንዲህ ሆኖ ድግስ ገባን። ገብሱንም ዱቄቱንም ከባለ ሱቁ በዱቤ አነሣሁ። እስቲ አስቡት፣ እኔ ጠላ ጠምቄ አላውቅም፤ ዕድሜዬን በትምህርት ነው የጨረስኩት። ከኢንተርኔት አይቼ ጌሾውን ከውኃ ቀላቀልኩት። አከራያችን አንድ ጊዜ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደው «ልጄ፣ ይኸ ጠላ አይደለም፤ ጌሾና ውኃ አስተዋውቀሽ ነው የተውሽው» አሉ። ደፍተው እንደገና ራሳቸው ጠነሰሱት። እየጠነሰሱ ሲሰድቡኝ ዋሉ፤ እናቴን፣ መምህሮቼን፣ ስልኬን፣ አንዱንም አልማሩ። የእኔ ሐሳብ ግን ሥራዬ ላይ ነበር። ጉልበታቸው እያበጠ ነበርና ልጁን ከዚያ ወር በላይ እንደማይይዙ ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ ለአለቃዬ ምን ልል ነው?

የሃያ አንድ ዕለት አዛውንቱ ሁሉ ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ተጠጋግተው ገቡ። አልጋችንን አውጥተን ግቢ ውስጥ አቁመናት ነበር። ልጄ ደጋሽ ነውና ከሙሴው ጎን ተቀምጦ የሁሉንም ዳቦ ይቆርሳል። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ሙሴው እንደ ልማዳቸው «የታመመ፣ የተቸገረ፣ የሚጠየቅ አባል አለን?» አሉ።

አከራያችን እጃቸውን አነሡ። «አንድ አባል አለን። ቀን ቀን የሚጠብቀው የለውም» አሉ።

«ማነው እሱ?»

«ይኸው እንጀራዎትን እየበላብዎት ያለው።»

ሁሉም ወደ ልጄ ዞረ። አከራያችን ቀጠሉና የእኔን ጉድ በሙሉ አወጡት፤ ሞግዚቷን፣ ብድሩን፣ አለቃዬን፣ የድስት ክዳኑን ሳይቀር። ፊቴ በርበሬ መሰለ። «እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም፤ ሲሮጥ አልደርስበትም። ማኅበርተኛ ሲሞት ነው እንዴ የምንደርስለት?» ብለው ተቀመጡ። ሙሴው ወደ መምሬ አዩ፤ መምሬ ወደ ጠላቸው አዩ። ከዚያ ሙሴው ተነሥተው «ጽዋው በተራ ይዞር የለም ወይ? ልጁም በተራ ይዙር። ሰኞን እኔ ይዣለሁ» አሉ።

እኔ ተቆጣሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ማመስገን ሲገባኝ ቱግ አልኩ። «ልጄ ማሰሮ ነው እንዴ በየቤቱ የሚዞረው?» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ በጆሮዬ «ስለ ማርያም ዝም በይ፤ ነፃ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም። ማክሰኞን መምሬና ባለቤታቸው ወሰዱ፣ ረቡዕን ጉልት ገበያ ሽንኩርት የሚቸረችሩት እናት፣ ሐሙስን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩት ቀጭን አሮጊት፣ ዓርብን አከራያችን። ገንዘብ የሚባል ነገር ቢነሣ ሙሴው በከዘራቸው ሊሉኝ ነበር። በቀጣዩ ሰኞ ልጄን አስረክቤ ሥራዬ ገባሁ፤ አለቃዬ ከጠረጴዛዬ ሥር ጎንበስ ብሎ አየና ምንም ሳይለኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ልጄ የእኔ ልጅ መሆኑ ቀረ። ሰኞ ማታ ለአባቱ እግሩን ገጥሞ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ማክሰኞ እጁን ዘርግቶ መስቀል ሳሙ ይለናል፤ መስቀሉ ማንኪያ ነው። ረቡዕ ከጉልት ሲመጣ የሰጠሁትን ሙዝ አገላብጦ አይቶ «ውድ ነው» ብሎ ይመልስልኛል። አንድ ቀን አለቃዬ መንገድ ላይ አግኝቶን ጉንጩን ሊነካው ቢል ልጄ «ቁም! ማነህ?» አለው፤ ሰውዬው ደንግጦ ቆመ። ዕድሜ ለሙሴው! ሐሙስ ግን ሆዱ ከበሮ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ እራት አይበላም፣ አፉ ዙሪያ ሁልጊዜ ወጥ አለ። አሮጊቷን «እባክዎ እናቴ፣ ትንሽ ይቀንሱለት» ብላቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ጭራሽ በሣህን ቋጥረው ላኩልኝ። አፍንጫዬን ነፋሁ። ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ልጄን የሚያበላሹብኝ መስሎኝ ነበር።

ለሞግዚት ይሄድ የነበረውን ለብድሩ ጨምረን እየከፈልን ከረምን። የባለ ሱቁም መዝገብ ቀለል አለ። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቴ በስልኩ መልእክት ደርሶት በግቢው መሃል እስክስታ ወረደ፤ ውዝፉ ገባ! እኔ የሐሰት መልእክት መስሎኝ ባንክ ድረስ ወስጄ አስጣራሁት። እውነት ነው። የመጨረሻውን የብድር ክፍያ ከፍለን፣ የተረፈውን ይዘን ልጃችንን መዋዕለ ሕፃናት አስመዘገብነው። ሙሉ ቀን የሚያቆይ፣ ምሳ የሚያበላ፣ በሰርቪስ የሚያመላልስ። የምሳውን አንድ ላይ ከፍለን ወጣን። ሰው ሳናስቸግር፣ ማንንም «አመሰግናለሁ» ሳንል፣ በገንዘባችን! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በሃያ አንድ ለማኅበሩ ልንነግር ሄድን። ረቡዕ ነበር። ባለቤቴ ጥሩ ንግግር ተዘጋጅቶ ነበር። «አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ እስከ ዛሬ ሸክማችንን ተሸክማችሁልናል። ከነገ ጀምሮ ግን ልጃችን ትምህርት ቤት ይውላል፤ እናንተም ታርፋላችሁ» አለ። ጭብጨባ ጠብቀን ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ሙሴው «ጎሽ፤ ትምህርት ጥሩ ነው» አሉና ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አከራያችን ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። እኔ የተቀየሙን መስሎኝ ቱግ ልል ነበር።

ከጥግ በኩል የሐሙሷ አሮጊት ተናገሩ። በማኅበር ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ድምፃቸው እንኳ እንግዳ ሆነብኝ።

«እንግዲህ እኔም ሐሙስ ሐሙስ ምሳ መብላቴ ቀረ» አሉ። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት፣ ሰው እንዳያዝንላቸው። «ለአንድ አፍ ድስት አይጣድማ። ሌላውን ቀን ቆሎ ነው፣ ዳቦ ነው፣ ያገኘሁትን ነው። እሱ የሚመጣ ለት ነው ወጥ የምሠራ።»

 ያ ሁሉ ሐሙስ፣ ያ ሁሉ ወጥ አፉ ላይ፣ እኔ ደግሞ ትንሽ ይቀንሱለት እላለሁ። ልቤ ተሰበረ፤ ልጄን ያዩልኝ መስሎኝ ከረምኩ እንጂ ልጄም እሳቸውን ሲያይ መክረሙን አላወቅኩም። ዕንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና ተነሣሁ።

«አንድ ችግር ገጥሞናል እኮ፤ ለእሱ ነው የመጣነው» አልኩ። «ይኸ ትምህርት ቤት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ምሳ የሚባል ነገር የለውም። ልጁ የት ይብላ?»

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። «እንዴ፣ የምሳውን ከፍለን የለም…» ብሎ ሳይጨርስ ጫማውን በተረከዜ ረገጥኩት።

«አይ የዘመኑ ትምህርት ቤት!» አሉ ሙሴው፣ ፊታቸው በርቶ። «ልጅን ጦም ያውሉታል? ሰኞ እኔ ነኝ!» መምሬ ማክሰኞን አስከበሩ፤ የጉልቷ እናት ረቡዕ ይሁንልኝ ብለው ጮኹ፤ አከራያችን ማሸታቸውን ትተው ዓርብን የነካ ወዮለት አሉ። ባለቤቴ እግሩን ይዞ የከፈለውን ገንዘብ ያሰላ ነበር።

አሮጊቷ ግን አልጮኹም። ሁሉም ዝም እስኪል ጠበቁና ወደ እኔ ዞረው «ነገ የኔ ነው አይደል?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው እናቴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ቀደም ብዬ ልሂድ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ምስር መልቀም አለብኝ።»